በመርፌ የተበሱት ዲስኬቶች

ኢክላስ ቁጡ ናት ይላሉ። ነኝ፤ አልክድም። ግን የጋሽ ሰብሐትን ነገር እንደኔ አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው ደሙ ካልፈላ፣ ደም የለውም ማለት ነው።

ሥራዬ ፕሪንተር መጠገንና ቀለም መሙላት ነው። ሱቄ መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ወረድ ብሎ ካሉት የገበያ ሕንጻዎች በአንዱ፣ ደረጃው ሥር ያለችው ጠባቧ ናት። እታች የደንበኛ ፕሪንተር ይደረደራል፤ ቆጡ ላይ ደግሞ የኔ ጉድ አለ። ሰው አርጅቷል ብሎ ለቆራሌው የሸጣቸውን ኮምፒውተሮች ምናለሽ ተራ እየዞርኩ እገዛና እዚያ አወጣቸዋለሁ። እናቴ "የሰው ልጅ በቆጡ ዕቃ ያከማቻል፣ የኔዋ ሬሳ ታከማቻለች" ትላለች። ሬሳ አይደሉም። አብዛኞቹ ጊዜ ወስዶ ለሚያስታምማቸው ሰው ይነሣሉ።

እሁድ ከሰዓት ገበያው ጭር ሲል እንደኔ በዚህ በሽታ የተለከፉ ሰዎች ሱቄ ይሰበሰባሉ። በቴሌግራም ስማችን "የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች" ነው። የማይቀሩት ዳኒና ሙስዓብ ናቸው። ዳኒ ባንክ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ የሐኪም ጓንት ሳያጠልቅ ምንም ነገር የማይነካ ሰው ነው። ሙስዓብ ጣቃ ይሸጣል፤ ስለ ጣቃ ሲያወራ ግን ሰምቼው አላውቅም። ሁለቱ የማይከራከሩበት ነገር የለም። አንዴ ከምናለሽ ተራ ያመጣሁት ኪቦርድ ይታጠብ ወይስ "ቆሻሻውም የዘመኑ አሻራ ነው" ተብሎ ይተው በሚል ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ኪቦርዱን እኔ በሳሙና አጥቤ ገላገልኳቸው።

ጋሽ ሰብሐት የመጡት ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሁድ ነው፣ ልጃቸው ለተብርሃን ክንዳቸውን ይዛ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ሰውን ሲያዩ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል ያደርጋሉ። ብብታቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ይዘዋል።

"አሮጌ ኮምፒውተር የምታስነሡት እናንተ ናችሁ?" አሉ።

"እኛ ነን ጋሼ። ይቀመጡ።"

"እንግዲያው አሮጌ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከኔ ቀጥሎ ማለቴ ነው።"

ቆርቆሮውን ከፈቱት። ትልልቆቹ፣ ልስልሶቹ፣ ሲይዟቸው የሚተጣጠፉት ዲስኬቶች ሞልተውታል። ዳኒ ጓንቱን ለማጥለቅ ተጣደፈ።

ጋሽ ሰብሐት አማኑኤል ሰፈር ተወልደው አማኑኤል ያረጁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ይሠሩ ነበር። ያኔ ኮምፒውተር አማርኛ አያውቅም። እሳቸው ከሥራ ሲወጡ ቤታቸው ገብተው በባለ ካሬ ወረቀት ላይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በነጥብ ሳሏቸው። ሀ ፊደልን ስለው፣ አላምር ሲላቸው ቀደው፣ እንደገና ስለው። ከዚያ በዚያ ፊደል የሚጻፍበት ፕሮግራም ሠሩ። ብራና ጸሐፊ የነበሩ አያታቸው ይጽፉበት በነበረው ብዕር "መቃ" ብለው ሰየሙት። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ አረንጓዴ በነበረበት ዘመን በመቃ የጻፉ ሰዎች ዛሬ ሁሉም ጡረተኞች ናቸው። የጋሽ ሰብሐት የራሳቸው ኮምፒውተር ከተቃጠለ ቆይቷል። የቀረው ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነው።

"አንደኛው ዓይኔ ሄዷል፤ ግላኮማ ነው" አሉን። "ሌላኛውም በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል። ሐኪሙ እሱም አይቆይም ብሎኛል። ይህቺ ቀዳዳ ሳትዘጋ መቃን አንድ ጊዜ ልየው። ራሴ እየጻፍኩ፣ ፊደሌ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ልየው። ሌላ የምለምናችሁ ነገር የለኝም።"

እኔ "በሚቀጥለው እሁድ ያዩታል ጋሼ" አልኳቸው። አፌን በያዘው ኖሮ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። ያንን ትልቅ ዲስኬት የሚያነብ፣ የሚሠራ ማንበቢያ በእጃችን ያለው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕግ አለን፤ የተበላሸ ዲስኬት አይከተትበትም። የሻገተ፣ የተቧጨረ፣ የተቀደደ ዲስኬት የማንበቢያውን ጭንቅላት ይፍቀዋል፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ደግሞ ምትክ የለውም። ሕጉን ያወጣነው ተስማምተን ነው፣ ያውም በዓመት አንዴ ብቻ የምንስማማ ሰዎች። ዳኒ ቆርቆሮውን ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሊያጸዳ፣ ሊለይ፣ ደኅና ደኅናውን ይዞ ሊመጣ።

በሳምንቱ ሁሉም ተገኘ። ጋሽ ሰብሐት ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ዳኒ ዲስኬቶቹን በነጭ ፖስታ በነጭ ፖስታ አድርጎ ደርድሯቸዋል። የመጀመሪያውን ከተትን፤ ደብዳቤ ነው። ሁለተኛውን ከተትን፤ ላዩ ላይ እንደተጻፈው የመሥሪያ ቤት ማስታወሻ ነው፣ ያውም ያለ መቃ የማይነበብ፣ ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቅ ብሎ የሚወጣ። ሁሉንም አዳረስናቸው። ፕሮግራሙ የለም።

"ሌሎቹስ የት አሉ?" አሉ ጋሽ ሰብሐት።

"ሌሎቹ የተበላሹ ነበሩ ጋሼ" አለ ዳኒ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው ድምፅ። "ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አላቸው። ብል ይሁን ምን ይሁን አላወቅሁም። ማንበቢያውን እንዳይጎዱብን አስወገድኳቸው።"

"አስወገድኳቸው ማለት?"

"ጣልኳቸው።"

ጋሽ ሰብሐት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዳኒን በቀረችው ዓይናቸው ፈለጉት።

"እኔ ነኝ የበሳኋቸው" አሉ። "በመርፌ።"

ለካ ያኔ መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው ፕሮግራም ከገዛ ለሰፈሩ ሁሉ ይቀዳ ነበር። ጋሽ ሰብሐት ይህን ለመከላከል ያገኙት ዘዴ የልብስ መርፌ ነው። የሚሸጡትን እያንዳንዱን ዲስኬት እሳቸው ብቻ በሚያውቁት ቦታ ላይ ወጋ ያደርጉታል። መቃ ሲነሣ ያቺን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ካገኛት ይከፈታል፣ ካጣት እምቢ ይላል። ሰው ዲስኬቱን ሲቀዳ በውስጡ ያለው ጽሑፍ ይቀዳል እንጂ ቀዳዳዋ አትቀዳም። የተበሳው ጤነኛው ነበር። ዳኒ ጤነኞቹን ጥሎ መቃ የሌለባቸውን ነው ያመጣልን።

የተናገርኩትን አልደግመውም። ዳኒ ጓንቱን አውልቆ ጥግ ተቀመጠ። ማታውኑ ወደ ሰፈሩ ይዤው ሄድኩ፤ የሰፈሩን ቆሻሻ የሚያነሡትን የማኅበር ልጆች ጠየቅን፣ ቆሻሻው የተጫነበትን መኪና ሹፌር ጠየቅን፣ በነጋታው ምናለሽ ተራ ያሉትን የፕላስቲክ ገዢዎች አንድ በአንድ ጠየቅን። የሰው መሳቂያ ሆንን። ሄዷል። ዳኒን ስድቤ አልበቃ ብሎት እሱ ራሱ ይሰድባል፣ ራሱን።

በቀጣዩ እሁድ ጋሽ ሰብሐት ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ መጡ። "ሌባ እንዳይነካው ብዬ የበሳሁትን አድናለሁ ባይ ጣለው" ብለው ሳቁ። ሳቁ ዳኒን ከስድቤ ይበልጥ ጎዳው። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ቢያንስ ፊደሉን እዩት። የቀረኝ ይህቺ ናት።"

በነጥብ ማተሚያ የታተመ አንድ ገጽ ነው። አየሁትና ክው አልኩ። የመ ሁለት ቀለበቶች፣ የጨ እግር፣ ረ ላይ ያለችው ቆልመም ያለች አንገት፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ ይህን ፊደል እኔ ሁልጊዜ አየዋለሁ! እዚሁ ያሉት የዱባይ ተራ ነጋዴዎች የእድር ማስታወቂያ የሚጻፍበት እኮ ነው። ሰው ሲሞት፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ በየደረጃው የሚለጠፈው። የማተሚያውን ሪባን ሲልኩልኝ ቀለም የማጠግብላቸው እኔ ነኝ።"

"የእድሩ ጸሐፊ ማነው?"

"ሐጂ ሽኩር። ሻንጣ የሚሸጡት።"

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው እንደገና አጠፉት። "ለተብርሃን፣ ተነሺ እንሂድ" አሉ። ሄዱ።

ምን እንዳጠፋሁ የነገረችኝ ለተብርሃን ናት፣ በስልክ። ሽኩር በወጣትነታቸው ከዱባይ ኮምፒውተር እያመጡ ከሚሸጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። አንዱን የተበሳ መቃ ገዝተው ዱባይ ላለ ባለሙያ ሰጡት፤ ባለሙያው ቀዳዳዋን የሚፈልገውን ነገር ከፕሮግራሙ ውስጥ አወጣላቸው። ከዚያ ከኮምፒውተር ጋር በነጻ ይሰጡት ጀመር። በዚያ ላይ ሲከፈት ከላይ የሚወጣውን "የሰብሐት ሥራ" የሚለውን አስፍቀው "ሽኩር ኮምፒውተር" አስባሉት። ጋሽ ሰብሐት ከዚያ በኋላ ሌላ ፕሮግራም አልጻፉም። ከሽኩር ጋር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አይነጋገሩም።

ሰኞ ጠዋት ዱባይ ተራ ሄድኩ። ሐጂ ሽኩር ከሻንጣዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ከለበሰች አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የእድር ማስታወቂያ ይጽፋሉ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ፊደሉ አረንጓዴ። ከላይ "መቃ" ይላል፤ ከሥሩ "ሽኩር ኮምፒውተር"። ስንት ዓመት ምናለሽ ተራ ስዞር የኖርኩት እኔ፣ ሁለት ሕንጻ ተሻግሮ በየቀኑ የሚሠራውን አላየሁትም።

ነገሩን ነገርኳቸው። የጋሽ ሰብሐትን ዓይን ሁኔታ ስነግራቸው መጻፋቸውን አቆሙ።

"አላህ ይማረው" አሉ። "ይምጣ። ሱቄ ክፍት ነው።"

"እሳቸው እዚህ አይመጡም ሐጂ። ኮምፒውተሩን እኛ እንውሰድላቸው።"

"ከዚህ አይነቃነቅም። ከተነቃነቀ ይሞታል።"

"ታዲያ ከውስጡ እንቅዳው። ዳኒ የሚባል ባለሙያ አለን።"

"ዲስኬቶቹን የጣላቸው ልጅ?" አሉ። ወሬ መርካቶ ውስጥ ከኔ ቀድሞ ይደርሳል።

"ሐጂ፣ ሰው ዓይኑ እየጠፋ ነው!"

"ይምጣ አልኩሽ እኮ። ይምጣና እዚህ ቆሞ ሰላም ይበለኝ።" ጣታቸውን ወደ አንድ አሮጌ ወንበር ቀሰሩ። "አባቴ እዚያ ላይ ተቀምጦ፣ ሱቁ ደንበኛ ሞልቶት፣ ሰውዬው መጥቶ 'ልጅህ ሌባ ነው' አለው። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ግን ከዚያን ቀን በኋላ ገንዘብ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይውል ጀመር። እስኪሞት ድረስ።"

"እርስዎስ የሰውየውን ስም ለምን ፋቁት?"

"ወጣት ነበርኩ።"

"ይህ መልስ ነው?"

"መልስ አይደለም" አሉና ወደ ማስታወቂያቸው ዞሩ።

አማኑኤል ሄድኩ። ጋሽ ሰብሐት ደግሞ በተራቸው "ይቅዳ፤ ሁሉም ቀድቷል። ስሜን ነው የፋቀው። ይምጣና በድዬሃለሁ ይበለኝ፣ ያኔ እሱ ሱቅ እሄዳለሁ" አሉኝ። "በድዬሃለሁ ሊሉዎት እዚህ ከመጡ ኮምፒውተሩንስ ይዘው ቢመጡ፣ እርስዎ እዚያ መሄድ ለምን ያስፈልጋል?" ብላቸው ተቆጡ። እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለውን ተረት እሰማው ነበር እንጂ ሁለት ሽማግሌ ፊት ለፊቴ ምላጩን ሲያላምጡ አይቼ አላውቅም።

ያን ክረምት ከዱባይ ተራ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል ዱባይ ተራ ስመላለስ ከረምኩ። ጭቃው፣ ኩሊው፣ "ዞር በሉ!" የሚለው ባለ ጋሪ፤ እኔ መሐል ላይ፣ የአንዱን ነገር ለአንዱ አለስልሼ ሳቀርብ። "ሐጂ ሰላም ብለውዎታል" እላለሁ፤ "ዋሽተሻል" ይሉኛል፣ እውነትም ዋሽቻለሁ። የእድሩን ሽማግሌዎች ላስገባ ሞከርኩ፤ "የኮምፒውተር ጸብ ደግሞ ምን ዓይነት ጸብ ነው?" ብለው ጥለውኝ ሄዱ። ሙስዓብ የሐጂን ስክሪን በስልኩ ቪዲዮ ቀርጾ ለጋሽ ሰብሐት ሊያሳያቸው ወሰደ። ስልኩን መለሱለት። "የሌባ ፎቶ ምን ያደርግልኛል? ጣቴ ሲነካው፣ ፊደሉ ሲወጣ ነው ማየት የምፈልገው" አሉት።

ወዳጆቼስ? እግዜር ያሳያችሁ። ቴሌግራም ላይ ሌላ ጦርነት ተከፍቷል። መቃ ከሐጂ ኮምፒውተር ሲቀዳ ከላይ ያለው ስም ይስተካከል ወይስ እንዳለ ይቆይ? ሙስዓብ "እንዳለ ይቀመጥ፤ ስርቆቱም ታሪክ ነው፣ እኛ ጠባቂ እንጂ አራሚ አይደለንም" ይላል። ዳኒ "የሰው ስም መመለስ እርማት አይደለም፣ ፍትሕ ነው" ይላል። ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ገብተው አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ ይጽፋሉ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የሌለን ነገር ላይ ተቧድነው ሲፋለሙ ከመካከላቸው አንዱም አማኑኤል ሄዶ ሽማግሌውን "እንዴት ዋሉ" አላላቸውም። ግሩፑን ዘግቼው ነበር፤ ዳኒ ለምኖኝ ነው የከፈትኩት።

ዳኒን ግን አንድ ነገር አልነፍገውም። ብቻውን ሐጂ ሱቅ ሄዶ፣ ጓንቱን ሳያደርግ፣ "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በኔ አይጨክኑባቸው" ብሏቸዋል። ሐጂ ሻይ ጋብዘው መለሱት።

መስቀል ካለፈ በኋላ ለተብርሃን ደወለችልኝ።

"ኢክላስ፣ አባዬ ዛሬ ጠዋት ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ቀዳው። ጠረጴዛው ላይ። እስኪያልቅ ድረስ አላወቀውም።"

ስልኩን ሳልዘጋ ነው ከሱቄ የወጣሁት። ዱባይ ተራ ስደርስ የሐጂ ሱቅ በደንበኛ ተሞልቷል። ምንም አላፈርኩም።

"ሐጂ ሽኩር! ሰውየው ሻይውን ጠረጴዛ ላይ እየቀዳ ነው! እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ሰላም እስኪሉዎት ይጠብቃሉ! በደሉ የማን እንደሆነ ያውቁታል። አባትዎም ያውቁት ነበር፤ ለዚያ ነው ቁልፉን የያዙት!"

የመጨረሻዋን መናገር አልነበረብኝም፤ ከአፌ እንደወጣች አውቄዋለሁ። ሐጂ ሽኩር የያዙትን ሻንጣ ዚፕ ቀስ ብለው ዘጉት። እኔም ጥዬ ወጣሁ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ ሁለቱም እንደፍጥርጥራቸው አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ለተብርሃን እንደገና ደወለች። "ነይ" አለችኝ፣ ሌላ ምንም። ዳኒና ሙስዓብን ይዤ ሄድኩ። አማኑኤል ስንደርስ የግቢው በር ላይ አንድ ኩሊ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን ኮምፒውተር ከጀርባው ያወርዳል። ሐጂ ሽኩር ስክሪኑን ራሳቸው ታቅፈውታል። ከዱባይ ተራ ጀምሮ በእግራቸው ነው የመጡት፤ መኪና ያነጥረዋል ብለው። ሸሚዛቸው በላብ ርሷል።

ጋሽ ሰብሐት ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ማነው?"

"ሽኩር ነኝ።"

"ድምፅህ አርጅቷል።"

"ሌላውም አርጅቷል" አሉ ሐጂ ሽኩር።

ሰላምታ የለም፣ ይቅርታ የለም። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ሙስዓብ ስለ መብራቱ ኃይል አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝና ዘጋው። ሐጂ ራሳቸው ሰኩት፣ ራሳቸው አበሩት። ተነቃነቀ ብሎ አልሞተም፤ እየተንገራገረ፣ እየቆጠረ ተነሣ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴው ጽሑፍ ወጣ።

"በራ?" አሉ ጋሽ ሰብሐት።

"በርቷል" አለች ለተብርሃን።

አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ። ከዚያ ይበልጥ ዘንበል አደረጉ። ወንበራቸውን ሳቡ፣ ፊታቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ፣ ወደ ቀኝም ሞከሩ። ወደ ኋላቸው ተመለሱና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ብርሃን አለ" አሉ። "ብርሃን ብቻ ነው።"

ለተብርሃን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዳኒ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ፋሲካን፣ ክረምቱን፣ የተመላለስኩባትን ጭቃ ሁሉ አሰብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጋሽ ሰብሐት ግን እጃቸውን አንሥተው ኪቦርዱን ፈለጉት። ጣታቸው ቦታውን አልረሳም። የቁልፎቹን አቀማመጥ ያወጡት እሳቸው አይደሉ! ቀስ እያሉ ጻፉ፣ አንዳንዴ እየቆሙ፣ እየዳበሱ። ሲጨርሱ እጃቸውን አነሡ።

"ሽኩር፣ አንብበው።"

እኔ ቀድሜ አንብቤው ነበር። ሐጂ ሽኩር ከኪሳቸው መነጽር አወጡ፣ አደረጉት። ጎንበስ አሉ። ሳሎኑ ውስጥ ኩሊው አለ፣ እኛ አለን፣ ለሰላምታ የገባች አንዲት ጎረቤትም በሩ ላይ ቆማለች። ሐጂ ሽኩር ድምፃቸውን ሳይቀንሱ አነበቡት።

"ሽኩር ሌባ ነው።"

ጋሽ ሰብሐት ጠበቁ።

"ልክ ነው" አሉ ሐጂ ሽኩር። "አንዲት ፊደል አልተሳሳተም፣ ጋሽ ሰብሐት።"

ጋሽ ሲሏቸው በዚያ ሁሉ ወራት የሰማሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ "ሰውዬው" ነበሩ።

ጋሽ ሰብሐት ኪቦርዱን በመዳፋቸው ዳበሱ። "ፊደሉስ?" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሌላ ሆኖ። "ያምራል?"

"ያምራል። ልጆቼ አዳዲስ ኮምፒውተር ገዝተውልኛል፤ ሦስትና አራት። በነሱ የጻፍኩት ማስታወቂያ ዓይኔን አልሞላ ብሎኝ ነው በዚህ የቀረሁት።"

"መ ፊደልን ልጻፍልህ። ሁለቱ ቀለበቶች መሐል አንዲት ነጥብ ክፍተት ትቼ ነበር። እንዳትጣበቅ ብዬ። አለች?"

ሐጂ ሽኩር አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ጎነበሱ። በዚያ ፊደል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው።

"አለች" አሉ። "አለች። አሁን ገና አየኋት።"

ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። ጋሽ ሰብሐት ከሀ ጀምረው ይጽፋሉ፤ ሐጂ ሽኩር እያንዳንዷን እንዴት ሆና እንደወጣች ይነግሯቸዋል። ይህቺ እግሯ ቀጥ ብሏል። ይህቺ ትከሻዋ ሰፋ ብሏል። ይህቺ ትንሽ ወደ ጎን ታደላለች። "አዎ፣ እሷን አስቸግራኝ ነበር" ይላሉ ጋሽ ሰብሐት። ኩሊው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ ሙስዓብ ሶፋው ጠርዝ ላይ አንድም ሳይከራከር ተቀምጧል። ስክሪኑ አናት ላይ "ሽኩር ኮምፒውተር" እንደሚል ማንም አላነሣም፤ ጋሽ ሰብሐትም አልጠየቁም።

እኔ ወደ ግቢው ወጥቼ ዳኒ አጠገብ ቆምኩ። ሰዎች ይህን ሳወራ ታርቀው የለ፣ ምን ያናድድሻል ይሉኛል። ያናድደኛል። የታረቁት የጋሽ ሰብሐት ዓይን ከጠፋ በኋላ ነው። ከዱባይ ተራ አማኑኤል በእግር ይደረሳል፤ ሐጂ ስክሪን ታቅፈው ደርሰውታል። ፋሲካ ላይ ጋሽ ሰብሐት ያዩ ነበር።